ብሩኬ፣ ላፕቶፕህ አየር አጥሮት ነበር

ብሩኬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዛሬ አስር ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነኝ። እንደምን ነህ አልልህም፤ አንተ ዐርፈሃል። እኔን ግን ጠይቀኝ። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ብትጠይቀኝ ኖሮ ታፍኛለሁ ነበር የምልህ። እንደምታውቀኝ፣ ነገር ሲያንገበግበኝ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፤ በቀጥታ ልንገርህ። የምጽፍልህ ስለ ላፕቶፕህ ነው።

ሳቅህ መጣ አይደል? ሰው ለሞተ ባሏ ስለ ናፍቆት ትጽፋለች፣ እኔ ስለ ላፕቶፕ። ናፍቆቱማ የት ይሄድብሃል፣ አለ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ስማ። የለቅሶው ፍራሽ አልተነሳም ነበር። ሰው ሁሉ በሠልስቱ የሚያነሳውን ፍራሽ እኛ አስር ወር ሙሉ ሳሎን መሐል ዘርግተን ተቀምጠንበታል። እናትህ ከቦሌ ሚካኤል ያመጡት ያ የጥጥ ፍራሽ፣ አንተ ልጅ ሆነህ የተኛህበት። ሶፋችን ቦታ እንዲለቅ ብለው ጎረቤት ቤት እንዳስገቡት እዚያው ቀርቷል፤ ልጆቻቸው ዘለውበት አንዱ ጎኑ ሰምጧል። እናትህም ለለቅሶህ እንደመጡ ቀሩ። መጀመሪያ እስከ አርባው አሉ፣ ከዚያ እስከ ሰማንያው፣ ከዚያ እስከ መንፈቁ፣ ከዚያ ደግሞ መጠየቅ ተውኩ። እሳቸው ፍራሹ ላይ ይተኛሉ፣ እኔም አጠገባቸው። አማቴን መሬት አስተኝቼ እንዴት አልጋ ላይ እወጣለሁ? እርስዎ አልጋው ላይ ይውጡ ስላቸው፣ የልጄ አልጋ ላይ እንዴት ብዬ አሉኝ። በቃ፣ ሁለታችንም መሬት ቀረን።

ክፉ ሆኑብኝ ማለቴ እንዳይመስልህ። ክፉ ቢሆኑማ ተጣልቼ በተገላገልኩ ነበር። እናትህ ደግ ናቸው፤ ችግሩ እሱ ነው። በረንዳ ላይ ስወጣ ጋቢ ይዘው ከኋላዬ ይደርሳሉ። ሱቅ ልውረድ ስል፣ ምን ጎድሎ ነው፣ ሰው እንላክ ይላሉ። ስልክ ሳነሳ ዝም ብለው ፊቴን ያያሉ። ሻወር ትንሽ ከቆየሁ በሩን ኳ ኳ አድርገው፣ ራሂ፣ አለሽ? ይላሉ። አለሁ እማዬ፣ የት እሄዳለሁ እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፣ የት እሄዳለሁ? ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ደግፌ ተቀምጬ፣ ታች የታክሲ ረዳቶቹ መገናኛ፣ መገናኛ ሲሉ ስሰማ እንባዬ ይመጣ ነበር። የየካ አባዶ የታክሲ ሰልፍ ይናፍቅሻል ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ፣ ይሄ ሰውዬ ታሟል እል ነበር።

ላፕቶፑን መቼም አትረሳውም። ለእናትህ ለሥራ ነው ብለህ፣ ለእኔ ላንቺ ዲዛይን ነው ብለህ፣ የገዛኸው ለኳስ ጌም እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ያ ኪቦርዱ ቀይ የሚበራ፣ ሲይዙት እንደ ጡብ የሚከብድ ጥቁር ዕቃ። በኋላ ግን እውነትም ለእኔ ሆነ። የኪችን ካቢኔት ዲዛይን ስሠራ፣ ሥዕሉን እንደ ፎቶ አድርጎ የሚያወጣው ሬንደር የሚሉት ነገር በእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ባንተው ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ አንተ ጎል ታገባለህ፣ በሥራ ቀን እኔ ካቢኔት እገጥማለሁ።

በእሱ የተነሳ የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቆርኪ። ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ከላፕቶፑ ሥር፣ ከኋላ በኩል ታስገባና ከፍ ታደርገዋለህ። እኔ ጠረጴዛ ስወለውል እጥላለሁ፣ አንተ ሌላ ታመጣለህ። ይሄ ቤት ነው ወይስ ግሮሰሪ ብዬ ስንቴ ጮህኩብህ! አንተም፣ ራሂ፣ እሱም እንደ ሰው ነው እኮ፣ አየር ይፈልጋል ትለኝ ነበር። የምታሾፍብኝ ነበር የሚመስለኝ። አትላስ ካለው ቢሮህ ደውለው ወደ ሐኪም ቤት ወስደነዋል ያሉኝ ቀን፣ ጠዋት በር ላይ የተነታረክነው በእነዚያው ቆርኪዎች ነበር። አልደረስኩብህም። ልብ ነው አሉ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ልብ! ይሄን አልደግመውም፤ ሆድ ይፍጀው።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ፎቶህን ማየት ፈለገ። ላፕቶፑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፍራሹ ላይ፣ ልክ አጠገቤ አስቀምጬ ፎቶዎችህ በየተራ እንዲያልፉ አደረግኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ፣ አደረ። ሰው ይገባል፣ እግዜር ያጽናሽ ይላል፣ ስክሪኑን ያይና ያለቅሳል። ከዚያ በኋላም ላፕቶፑ ከፍራሹ አልወረደም፤ የት ይሂድ? መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛህን እናትህ ላንተ አደረጉት፦ ትልቁ ፎቶህ፣ ሻማ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከሥሩ ራሳቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል። ያንን ቦታ ለአርባህ ስናሰናዳ ሁለቱ ቆርኪዎችህ እዚያው ነበሩ። በገዛ እጄ ለቅሜ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሶስና ደወለች። ያቺ አትላስ አካባቢ የውስጥ ዲዛይን ቢሮ ያላት፣ አልፎ አልፎ ሥራ የምትልክልኝ። ቋሚ ሰው እፈልጋለሁ አለች፣ በየቀኑ ቢሮ የሚገባ፤ የአንድ ምግብ ቤት ማድቤት ዲዛይን በሁለት ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ካደረስሽልኝ ቦታው ያንቺ ነው። በየቀኑ አለች፣ ብሩኬ! በየቀኑ ከቤት መውጣት! ለእናትህ ግን አንድ ሥራ መጥቷል ብቻ አልኳቸው፤ ቢሮ የሚለውን ዋጥኩት። ልጃቸውን የቀበሩ ሴትዮ፣ ጥዬዎት ልወጣ ነው ተብሎ ይነገራቸዋል?

ላፕቶፑን ከፍቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ሃያ ደቂቃ እንደሠራሁ ፋኑ ሊነሳ እንደሚያኮበኩብ አውሮፕላን መጮኽ ያዘ። ሥሩን ብነካው ጣቴን ፈጀኝ። ከዚያ ስታክ አደረገ። ማውዙ አይሄድ፣ ኪቦርዱ አይሰማ፣ ስክሪኑ ላይ ግማሽ ካቢኔት ደርቆ ቀረ። ማጥፊያውን ጥርሴን ነክሼ ተጭኜ አጠፋሁት፣ ትንሽ ቆይቼ አስነሳሁት። ሃያ ደቂቃ። ስታክ። አይጠፋም፣ አይሠራም፤ እንዲሁ ግሎ ፍጥጥ ብሎ ያየኛል። ወይ ጉድ፣ ሁለታችንን አንድ ዓይነት በሽታ ያዘን አልኩ።

ያላደረግኩት ነገር የለም። ቦታ ሞልቶ ይሆናል ብዬ ጌሞችህን አጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ። ለውጥ የለም። ቫይረስ ይሆናል ብዬ፣ ፎቶዎችህን በሃያ በሃያ ደቂቃ እየቆራረስኩ ፍላሽ ላይ አወጣሁና ፎርማት አደረግኩት። ንጹሕ ሆኖ ተነሳ፣ ንጹሕ እንደሆነ ደረቀ። ከፍሪዘር በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አውጥቼ በፎጣ ጠቅልዬ ከሥሩ አደረግኩለት፤ አስር ደቂቃ ጨመረልኝ፣ ግን ፎጣው ሲረጥብ ደንግጬ አነሳሁት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

እናትህ ደግሞ የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። ባለቤቱን ፈልጎ ነው አሉ። ኧረ እማዬ፣ ዕቃ እኮ ነው ብዬ ተቆጣሁ። በማግስቱ ከሻወር ስወጣ የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። እንዴት እንደሮጥኩ አትጠይቀኝ! ሦስት ጠብታ ክዳኑ ላይ አርፎ ነበር፣ በፎጣዬ ጠረግኩት። ለእሱ ብዬ መሰለሽ፣ ላንቺ ብዬ ነው እኮ፣ ሥራሽ እንዲቃናልሽ አሉኝ ቅር ብሏቸው። አፈርኩ። ግን አየህ፣ በእሳቸው መናደድ እንኳ አይቻልም፤ ንዴቱም ውስጤ ገብቶ ይደርቃል።

አንድ ሳምንት ከምናምን እንዲህ አለቀ። ሐሙስ ዕለት ቦሌ ሚካኤል አንድ ጎበዝ ጠጋኝ አለ ተብዬ ተነሳሁ። እናትህ አብሬሽ ካልሄድኩ አሉ፤ ጉልበታቸውን ምክንያት አድርጌ በስንት ልመና አስቀረኋቸው። እንግዲያውስ ከቤቴ ወፍራሙን ሹራቤን አምጪልኝ ብለው ቁልፋቸውን ሰጡኝ። ላፕቶፕህን ታቅፌ ሰልፉ ላይ ቆምኩ። ፀሐይ መታኝ፣ አንዱ በክርኑ ገፋኝ፣ ረዳቱ ጠጋ በይ እንጂ ብሎ አመናጨቀኝ። ደስ አለኝ። ማንም እግዜር ያጽናሽ አላለኝም።

ጠጋኙ ጀማል ይባላል፤ ወሎዬ ነው፣ የአንድ በር ስፋት ባላት ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል እንጂ ወሬ አያበዛም። ላፕቶፑን ገልብጦ ብሎኖቹን ፈታ፣ የሥሩን ክዳን አነሳ። ከዚያ በወረንጦ ከፋኑ ውስጥ አንድ ነገር መዘዘ። ጥጥ። እንደ ጨርቅ የታመቀ ጥጥ። ሌላም መዘዘ። ሌላም። መሐሉ ላይ ጥቁር ክር ነበረበት፣ የእኔው የሐዘን ልብስ። ቀና ብሎ፣ እህቴ፣ ይሄን ኮምፒውተር ፍራሽ ላይ አድርገሽ ነው እንዴ የምትሠሪው? አለኝ። ዓመት ሊሆነኝ ነው ልለው ፈልጌ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ። ልብሴን አየ፤ ገባው መሰለኝ፣ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። በቀስታ ጠራርጎ፣ ሙቀት የሚያስወጣውን የደረቀ ቅባት ፍቆ በአዲስ ቀባና ገጠመው። ሲሰጠኝ ታዲያ፣ ይሄ የሚተነፍሰው ከሥሩ ነው፣ ለስላሳ ነገር ላይ ካደረግሽው ይታፈናል፤ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ ከኋላው ደግሞ ትንሽ ነገር አስገቢና ከፍ ይበል አለኝ። ከኋላው ከፍ ይበል! እዚያው ሱቁ በር ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ብሩኬ። ስትነግረኝ ብሰማህ ምን ነበረበት?

ከዚያ ሹራቡን ላመጣ ወደ እናትህ ግቢ አለፍኩ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ በር ላይ ያዙኝ። አገላብጠው ሳሙኝና፣ አንቺ ልጅ፣ ጽጌን መቼ ነው የምትለቂልን? አሉኝ፤ እናትህን ማለታቸው ነው። የማኅበሯ ተራ ሁለት ጊዜ አለፋት፣ እኔም የማወጋው ሰው አጣሁ አሉ። እኔ? አልኩ በሆዴ። የያዝኳቸው እኔ ነኝ? የእናትህን ቤት ስከፍተው እምክ እምክ ሸተተኝ፤ መስኮቱን ከፍቼ ብዙ ቆምኩ። እስከ የካ አባዶ ድረስ ታክሲው ውስጥ ስብከነከን መጣሁ። ተይዤ፣ ያዝሽ ተባልኩ!

ዓርብ ላፕቶፑ ሠራ። አርባ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ግን የት እንዳስቀመጥኩት ገምት። ፍራሹ ላይ። ጀማል ያለኝን ረስቼው አይደለም። ቤታችን ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ያንተ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ አንተ አለህ። ከሥሩ መጽሐፍ አደረግኩ፣ ትሪ አደረግኩ፤ ፍራሹ ይሰምጣል፣ ትሪው ያጋድላል። ፎቶህን ከዚያ ላንሳው የሚል ቃል እንዴት ከአፌ ይውጣ? ለእናትህ ያንን ማለት ልጅዎን ደግሜ ልቅበረው እንደማለት መሰለኝ። ስንት ጊዜ እማዬ ብዬ ጀምሬ፣ አቤት ሲሉኝ፣ ምንም፣ ሻይ ላፍላልዎት? ብያለሁ መሰለህ!

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ሬንደር አስጀመርኩ። እናትህ አጠገቤ ዳንቴላቸውን ይሠራሉ። ሥዕሉ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ይወጣል፤ መደርደሪያው ወጣ፣ ምድጃው ወጣ፣ የዕቃ ማጠቢያው ግማሽ ወጣ። ፋኑ መጮኽ ጀመረ። ጎንበስ ብዬ በጎኑ እፍ እፍ አልኩ። እናትህም ዳንቴሉን ጣል አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ያራግቡለት ጀመር። እንዳትስቅ። ሁለት ጥቁር የለበሱ ሴቶች አንድ ላፕቶፕ ላይ ተንበርክከን፣ አንዷ እፍ ስትል አንዷ ስታራግብ፣ ማጠቢያው ግማሽ ላይ ደርቆ ቀረ።

ያኔ ውስጤ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ብድግ አልኩና፣ እማዬ፣ በቃኝ፣ እኔ ከዚህ ፍራሽ መነሳት እፈልጋለሁ አልኳቸው። ታፍኛለሁ። ሥራ አግኝቻለሁ፣ በየቀኑ መውጣት ያለው ሥራ ነው፣ ሰኞ ካላደረስኩ ያልፈኛል። ጠረጴዛው ያስፈልገኛል፣ የብሩክን ፎቶ ላነሳው ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩትና አፌን በእጄ ያዝኩ።

እናትህ የሚያራግቡበትን የነጠላቸውን ጫፍ ለቀቁ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰለህ? አንቺ ልጅ፣ ይሄን ለማለት አስር ወር ፈጀብሽ? እኔ እኮ አንቺ እስክትነሺ ነው የምጠብቀው አሉ። እኔ ቀድሜ ብነሳ፣ ልጇን ረሳች፣ እኔንም ብቻዬን ጣለችኝ ትያለሽ ብዬ ነው። ወገቤ አልቋል። ቤቴ ናፍቆኛል፣ ቤተ ክርስቲያኔ ናፍቆኛል፣ አልጋዬ ናፍቆኛል። ሻወር ስትገቢ በር የማንኳኳው አንድ ነገር እንዳትሆኚብኝ ፈርቼ ነው፤ አንቺን ደግሞ ካጣሁ… ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

ሰማህ? አስር ወር ሙሉ እኔ ለእሳቸው ብዬ፣ እሳቸው ለእኔ ብለው! ከእኛ መሐል አንዷ ትንሽ ይሉኝታ ቢጎድላት ኖሮ በሠልስቱ ነፃ እንወጣ ነበር። መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። እየሳቅን አለቀስን። በቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስንም፤ ያኔ ሰው ነበረ፣ እኔም እሳቸው እንዳይብስባቸው፣ እሳቸውም እኔ እንዳይብስብኝ እንተያይ ነበር።

ፍራሹን እዚያው አነሳነው። ሁለታችን ጎትተን በረንዳው ላይ አሰጣነው፤ አቧራው አስነጠሰን። ወደ ጠረጴዛህ ስንዞር ግን ሁለታችንም እጃችን አጠረ። በኋላ እሳቸው ቀደሙ። ፎቶህን ሳሙት፣ በዳንቴሉ ጠቀለሉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ ጋ ይሁን፣ አንቺ ላፕቶፑ አለሽ አሉኝ። ላፕቶፑን ጠረጴዛህ ላይ አስቀመጥኩት። ሱቅ ወርጄ ልምጣ አልኳቸው። ሂጂ አሉ፤ ሰው እንላክ አላሉም። ብቻዬን አራት ፎቅ ወረድኩና ሁለት ለስላሳ ገዝቼ ተመለስኩ። መሬት ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠጣን። ሁለቱን ቆርኪ ከኋላው አስገባሁለት። ሬንደሩን እንደገና አስነሳሁት፤ ፋኑ ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ ዝቅ አለ። ማጠቢያው ሙሉውን ወጣ፣ ወለሉ ወጣ፣ ጥላው ወጣ። ለስላሳችንን ሳንጨርስ አለቀ።

እናትህን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው አደረስኳቸው። ወይዘሮ አስካለ ግቢው በር ላይ እልል አሉ። እኔ ግን አልዋሽህም፣ ተመልሼ በሩን ስዘጋ ቤቱ ሰፋብኝ። እማዬ ይመለሱልኝ ልል ስልክ አንስቼ ነበር። አልደወልኩም። አልጋችን ላይ ነው የምተኛው አሁን፤ በእኔ በኩል ብቻ፣ ያንተን በኩል ገና አልደፈርኩትም። ሰኞ ሥራውን ለሶስና አደረስኩ፤ ሐሙስ ደውላ ከሚቀጥለው ሰኞ ግቢ አለችኝ። ጥቁሬን እስከ ሙት ዓመትህ አላወልቅም፤ ለብሼው ታክሲ እሰለፋለሁ።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፣ መሐላ አትወድም ነበር። ይልቅ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቤት አጽድቻለሁ። ጠረጴዛህን ስወለውል ላፕቶፑን ብድግ አደረግኩ፣ ቆርኪዎቹን አነሳሁ፣ ከሥራቸው ወለወልኩና መልሼ እዚያው አስቀመጥኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚሁ ነው የማደርገው። ከእንግዲህ አልጥላቸውም፣ ብሩኬ።

ያንተው ራሂ